ጋሼ ቆይ ኮድ ሲጽፉ

እኔ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። ሰው የማድነቅ አመልም የለኝም። ይህን ቀድሜ የምናገረው ቀጥሎ የምለውን እንድታምኑኝ ነው። በሆስፒታሉ ኮምፒውተር ክፍል አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። «ክፍል» ይባል እንጂ የተበላሹ ፕሪንተሮች የተከመሩበት፣ አንድ መስኮትና ሁለት ወንበር ያለው ጠባብ ቤት ነው። ቀኑን ሙሉ «ኮምፒውተሬ ሞተ» እያሉ ይደውሉልኛል፤ ሮጬ ስደርስ ሶኬቱ ተነቅሏል።

ጋሼ ቆይ የዋናው በር ጥበቃ ናቸው። እናታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከአምቡላንስ በቀር የመጣውን ሁሉ እጃቸውን ዘርግተው «ቆይ!» ስለሚሉ ግን ይኸው ተለጥፎባቸው ቀረ። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ቆባቸውን በእጃቸው ይዘው በሬ ላይ ቆሙ።

«ልጄ፣ ዌብሳይት መሥራት አስተምሪኝ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ለጡረታ ስንት ቀረዎት?»

«ሁለት ዓመት።»

«ታዲያ ምን በወጣዎት?»

ቁጭ ሳይሉ ነገሩኝ። ባለፈው ማክሰኞ አናጢው መጥተው ነበር። አናጢው በሳምንት ሁለት ጊዜ ለኩላሊት እጥበት የሚመጡ የሰባ ዓመት ሽማግሌ ናቸው። ሁለት አውቶቡስ ቀይረው ሲደርሱ ማሽኑ ተበላሽቷል። እስኪመሽ ድረስ ተጎልተው ውለው ሳይታጠቡ ተመለሱ።

«ሲወጡ እግራቸው አብጦ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ነበር» አሉኝ። «ስልክ አላቸው እኮ! የዕለቱ ተራ ስልካቸው ላይ ቢታይ ኖሮ ቤታቸው ሆነው ያውቁት ነበር። እኔ ሰው ስመልስ ሰለቸኝ።»

እውነታቸውን ነው። ሆስፒታሉ ያሉት አራት የእጥበት ማሽኖች ናቸው፤ ታማሚው ከሠላሳ በላይ ነው። አንዱ ማሽን በታመመ ቁጥር የሁሉም ተራ ይናጋል። ሲስተር፣ የእጥበት ክፍሉ ኃላፊ፣ አዲሱን ተራ በወረቀት ጽፋ ግድግዳ ላይ ትለጥፋለች። ወረቀቱን ለማንበብ ግን መጀመሪያ መምጣት ያስፈልጋል። ይህን ጉዳይ ሦስት ጊዜ አቅርባልኝ ሦስቴም «ጊዜ የለኝም» ብዬ ጆሮ ዳባ ልበስ ብያለሁ። ስለዚህ ጋሼ ቆይን እምቢ ለማለት አፍ አጣሁ። በሳምንቱ ይተዉታል ብዬም ራሴን አጽናናሁ።

አልተዉትም። በየቀኑ ምሳ ሰዓት ላይ ይመጣሉ። በሁለት ጣት ነው የሚጽፉት፤ ጣቱ ፊደሉን ፍለጋ አየር ላይ ሲዞር እኔ ጥርሴን አፋጫለሁ። አንዷን ቅንፍ ኪቦርዱ ላይ ፈልገው እስኪያገኟት የመጀመሪያው ቀን ትምህርት አለቀ። የተከፈተ ቅንፍ ሁሉ መዘጋት አለበት ስላቸው ግን ፊታቸው በራ።

«የገባ ሁሉ ይውጣ ነው የሚለው?»

«እንደዚያ ይበሉት።»

«ይሄማ የኔ ሥራ ነው» አሉ። ከዚያ በኋላ ሌላ ሌላውን ሁሉ ረስተው ያውቃሉ፤ ቅንፍ ግን አንድ ቀን ክፍት አልተዉም።

ኮዱ ሲሳሳት ስክሪኑ በቀይ ጽሑፍ ይሞላል። ለልምምድ የሚላኩልኝን ወጣቶች አውቃቸዋለሁ፤ ቀዩን ሲያዩ ግማሾቹ ሙሉውን ሰርዘው እንደ አዲስ ይጀምራሉ፣ ግማሾቹ ስልካቸውን አውጥተው ሌላ ነገር ያያሉ። ጋሼ ቆይ ቀዩን ጮክ ብለው ፊደል በፊደል ያነቡታል። እንግሊዝኛቸው በር ላይ የተለቀመ ነው፤ የማያውቁትን ቃል ከመዝገበ ቃላት ይፈልጋሉ። ቀጥሎ ደብተር ያወጣሉ። እንደ በር መዝገቡ በማስመሪያ የተሰመረ ነው። ተራ ቁጥር፣ የገባበት ሰዓት፣ ይዞ የመጣው፣ የወጣበት ሰዓት። እያንዳንዱን ስህተት እንደ እንግዳ ይመዘግቡታል።

መጀመሪያ ሳየው እንባዬ እስኪመጣ ሳቅኩባቸው። እሳቸውም አብረውኝ ሳቁና መመዝገባቸውን ቀጠሉ።

በአራተኛው ወር አንድ ስህተት መጥቶ ሁለታችንንም አስጨነቀን። እኔ ባለሙያዋ ጭንቅላቴን ይዤ ስቀመጥ፣ ጋሼ መዝገባቸውን ወደ ኋላ ገለጡ።

«ይሄ ሰውዬ ከዚህ በፊት መጥቷል» አሉ። «ሠላሳ ሰባት ቁጥር። ያኔ የወጣው የፋይሉን ስም ስናስተካክል ነው።»

የፋይሉን ስም አየን። እውነትም እሱ ነው። በራሴ ተናደድኩ። ይህንኑ ስህተት በሥራ ዘመኔ መቶ ጊዜ አርሜዋለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ ጽፌው አላውቅም፤ መቶውንም ጊዜ እንደ አዲስ ነው የለፋሁት።

ሁልጊዜ እንዲህ ቀላል አልነበረም። አንድ ጊዜ ገጹ በኮምፒውተር ላይ ጥርት ብሎ እየታየ፣ በስልክ ሲከፈት ነጭ ሆኖ ቀረ። ዘጠኝ ቀን ተጣሉት። በስምንተኛው ቀን ቆባቸውን ጠረጴዛው ላይ አድርገው «ልጄ፣ ይሄ ጭንቅላት ሞልቷል መሰለኝ፣ የጨመርኩበት ሁሉ ይፈሳል» አሉኝ። ድምፃቸው ተሰብሮ ነበር። እኔ ደግሞ ማጽናናት አልችልበትም፤ «እንግዲያው ይተዉት» አልኩ። በማግስቱ በሰዓታቸው መጡ፤ ስህተቷንም ራሳቸው አገኟት። የዚያን ቀን የሚያልፈውን ሁሉ «ቆይ» ሳይሆን «እለፍ፣ እለፍ» ሲሉ ዋሉ ብለው ጽዳቶቹ ነገሩኝ።

በስምንተኛው ወር ገጹ ተሠራ። ሲስተር በየቀኑ የማሽኑንና የተራውን ድልድል ከታማሚው ዕድሜ ጋር ታስገባለች፤ ታማሚው ስልኩን ከፍቶ የካርድ ቁጥሩን፣ ሰዓቱንና ማሽኑን ያያል። ዳይሬክተሩ፣ ዶክተር የምንላቸው፣ ፈቀዱ። ሲፈቅዱ ግን ጣታቸውን አንስተው ነው።

«ሁለት ሳምንት ይሞከር። አንድ ታማሚ ቢሳሳትበት በዚያው ቀን ይዘጋል።»

ከመከፈቱ በፊት ጋሼ ቆይ ኮዱን በሙሉ እንዳነብላቸው ለመኑኝ። ከላይ እስከ ታች ወርጄ «ይሠራል» አልኳቸው። ልብ በሉ፣ አላነበብኩትም።

የመጀመሪያው ሳምንት ሠርግ ነበር። አንድ ማሽን ሁለት ጊዜ ተበላሽቶ አንድም ሰው በከንቱ አልመጣም። በሁለተኛው ሳምንት ሐሙስ ግን ተማሪዋ ቀረች። ተማሪዋ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ከታማሚዎቹ ሁሉ ታናሽ እሷ ናት። በሲስተር ድልድል መግባት የነበረባት ጠዋት በሁለት ሰዓት ነው። ሲስተር ጠብቃ ጠብቃ ልጅቷ ስትቀርባት ማሽኑን ለሌላ ሰጠች። ልጅቷ ከሰዓት በዘጠኝ ሰዓት፣ ፊቷ አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሯት፣ በታናሽ ወንድሟ ተደግፋ ደረሰች። ስልኳን ዘረጋች። ገጹ ላይ የመጨረሻዋ እሷ ናት።

እኔ ወዲያው ሲስተር ላይ ጮህኩ፤ በስህተት ያስገባሽው አንቺ ነሽ ብዬ። እሷም ድልድሉን አምጥታ አፍንጫዬ ሥር አስቀመጠችው። ትክክል ነበር። አፍሬ ተመልሼ ኮዱን ከፈትኩ። አንድም ቀይ የለም። የዚያን ጊዜ፣ ከስምንት ወር በኋላ፣ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ከመካከል አራት መስመር አገኘሁ። ዕድሜው ከስልሳ በላይ የሆነ ሁሉ ወደ ፊት ይለፍ ይላሉ።

ጋሼን ከበር አስጠራኋቸው።

«ይህን የጻፉት እርስዎ ነዎት?»

«አዎ።»

«ማን አዘዘዎት?»

ግራ ገባቸው። «ለዚህም ትእዛዝ ያስፈልጋል እንዴ? ሽማግሌ ቆሞ ወጣት ሲያልፍ እንዴት ዝም ይባላል? በር ላይም እንዲሁ ነው የማደርገው።»

«ሲስተር ተራውን የምትደለድለው በዕድሜ አይደለም፣ በደም ምርመራቸው ነው። የባሰበት ይቀድማል። ዛሬ ሦስት አዛውንት ሲጨመሩ ልጅቷ መጨረሻ ላይ ወደቀች።»

ቀስ ብለው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። «ትንፋሿስ?» አሉ።

«ሲስተር ማሽን ፈልጋ አስገብታታለች። ከአደጋው አልፋለች።»

ከዚያ በኋላ የተናገርኩት ዛሬም ያሳፍረኛል። «ለዶክተር ኔትወርክ ነው እንበላቸው» አልኩ። በሙያችን ኔትወርክ ያልተሸከመልን ኃጢአት የለም፤ አፍ የለው፣ አይከራከርም። «እንደዚያ ካልን ገጹ አይዘጋም፣ ስምንት ወር የለፉበትም ገደል አይገባም።»

«ኔትወርክ ነው ካልን ነገ ስልኳን ስታይ ምኑን ታምናለች?» አሉኝ። «ላስተካክለው። ከዚያ ሄጄ እነግራታለሁ።»

አንድ ሰዓት ያህል ብቻቸውን ሠሩ። ከዚያ ላፕቶፑን በብብታቸው ይዘው ወደ እጥበት ክፍሉ ሄዱ፤ ተከተልኳቸው። አራቱም ማሽኖች ያጉረመርማሉ። ተማሪዋ ሦስተኛው አልጋ ላይ ናት፤ አንድ ክንዷ ከማሽኑ ጋር ታስሯል። አራተኛው ላይ አናጢው ተጋድመዋል። ጋሼ ቆይ ቆባቸውን አወለቁ።

«ልጄ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ሽማግሌ ላስቀድም ብዬ አንቺን ገፋሁሽ» አሉ።

ይኸው ነው፣ ሌላ ምንም አልጨመሩም። ዲግሪ ከደራረቡ ሰዎች ጋር አሥራ አንድ ዓመት ስሠራ «ያጠፋሁት እኔ ነኝ» ብሎ «ግን» ሳይል ያቆመ ሰው አላየሁም። እኔም ብሆን ብዬው አላውቅም። እዚያው ቆሜ እኒህን ሰው ከልቤ አከበርኳቸው።

ልጅቷ ሳትመልስ አናጢው ከአልጋቸው ቀና አሉ።

«እንዲያ ነው እንዴ ነገሩ? ቁጥሬ በመጣሁ ቁጥር ከላይ ሲወጣ ሐኪሞቹ የደበቁኝ ነገር አለ፣ ሊሸኙኝ ነው ብዬ ለልጆቼ ተናዝዤ ጨረስኩ እኮ!» ሲስተር መርፌ ይዛ ስለነበር ሳቋን አፈነች። «ዛሬም አንደኛ ነህ ተብዬ በአሥራ ሁለት ሰዓት ደርሼ፣ ይኸው በአሥር ሰዓት ተኛሁ። እባክህ ወንድሜ፣ ከእንግዲህ አታክብረኝ።»

ጋሼ ቆይ አንገታቸውን ደፉ። የጀመሩት ለእኒሁ ሰው ብለው ነበር።

ዶክተር የገቡት ያኔ ነው። «ሰምቻለሁ» አሉ። «ምን እንደተባባልን ታስታውሳላችሁ።»

«አስታውሳለሁ ዶክተር» አሉ ጋሼ። «ጥፋቱ የኔ ነው። አርሜዋለሁ። ይዘጋ ካሉም እዘጋዋለሁ።»

ዶክተር ወደ ተማሪዋ ዞሩ። «የተጎዳሽው አንቺ ነሽ። አንቺ የምትይው ይሁን።»

ልጅቷ ነፃ በሆነው እጇ ስልኳን አንስታ ገጹን ከፈተች። እኔ እንኳ፣ ለማንም ጸልዬ የማላውቀው፣ አይዘጋ በይ እያልኩ በልቤ ለመንኳት።

«የቅዳሜ ተራ ወጥቷል» አለች። «አንደኛ ነኝ።»

«ደግ ነዋ» አሉ አናጢው።

«ሲስተር፣ ቅዳሜ ስንተኛ ነው የመደብሽኝ?»

ሲስተር ወረቀቷን አየች። «አምስተኛ። ከአንቺ የባሱ አራት አሉ።»

ሁላችንም ወደ ጋሼ ቆይ ዞርን። እሳቸው ቆባቸውን በእጃቸው ያሽከረክሩ ጀመር። ያን አንድ ሰዓት ምን ሲሠሩ እንደቆዩ የዚያን ጊዜ ገባኝ። የሽማግሌዎቹን አራት መስመር አጥፍተው፣ በቦታው ለአንድ የካርድ ቁጥር ብቻ ሌላ መስመር ጽፈዋል።

«ጋሼ!» አለች ልጅቷ። «በኔ ፈንታ ደግሞ ሌላ ሰው ይታፈን?»

ጋሼ የአስታማሚ ወንበር ስበው ከአልጋዋ አጠገብ ተቀመጡ፣ ላፕቶፑን ጉልበታቸው ላይ ከፈቱ። በሁለቱ ጣቶቻቸው፣ አንድ በአንድ፣ መስመሯን አጠፉ። ዶክተር ቆመው ጠበቁ፤ እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሴን ሳላፋጭ ጠበቅኩ።

«አሁን እዪው» አሉ ጋሼ፣ ቀና ሳይሉ።

ልጅቷ ገጹን እንደገና ከፈተች።

«አምስተኛ» አለች። «አሁን አምነዋለሁ። አይዘጋ።»