የአባቴ ክንድ የሚደርስበት ጊታር

ለአባቴ ጊታር እንዲገዛ ሲወሰን እንዲመርጡ አብረውኝ የተላኩት ሁለት በሬ አዋቂዎች ናቸው። አልተሳሳትኩም፤ በሬ ነው ያልኩት። ጋሽ ዕንባቆምና ጋሽ ኃይለሚካኤል ከአባቴ ጋር በየዓመቱ አንድ በሬ በጋራ ገዝተው የሚያርዱ ማኅበርተኞች ናቸው። ጋሽ ዕንባቆም የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው። ጋሽ ኃይለሚካኤል ደግሞ በወጣትነታቸው ከጎንደር መጥተው፣ ከመሬት አስተዳደር ጡረታ ወጥተው፣ ሆሳዕና ላይ ጎረቤታችን ሆነው የቀሩ ሰው ናቸው። አንደኛው በዓሉን ያሆዴ ይሉታል፣ ሌላኛው መስቀል ይሉታል፤ በሬው ላይ ግን ተጣልተው አያውቁም። ዶዮገና ገበያ ሄደው በሬ መርጠው ሲመለሱ ሰፈሩ በሙሉ ወጥቶ ያደንቃቸዋል። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች እንደሚባለው፣ አድናቆቱ በዛና ወደ ጊታር ተሻገሩ።

አባቴ ባፈና ይባላል። ጊምቢቹ አስተማሪ በነበረበት ዘመን፣ እዚያ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መጀመሪያ ጊታር ይዞ የቆመው እሱ ነው። ባለፈው ጥር ስትሮክ መታው። እግሩ ቶሎ ተመለሰ። አንደበቱ ግማሹ ተመለሰ። የቀኝ እጁ ጣቶችም እንደ ድሮው ይንቀሳቀሳሉ፤ ክንዱ ግን ከጎኑ ትንሽ ከፍ ይልና እዚያው ይቆማል። ሆስፒታል በከረምንበት ሳምንት ደግሞ የቤታችን ጣሪያ አፍስሶ የድሮ ጊታሩን ሆድ ሰነጠቀው። መከራ ሲመጣ ብቻውን አይመጣም፤ እኛ ቤት ሲመጣ ጣሪያውንም አይምርም።

ሐኪሙ የሚወደውን ነገር በእጁ ይሥራ አለኝ። አባቴ ከእኔ ቀጥሎ የሚወደው ጊታር ነው፤ አንዳንዴ ቅደም ተከተሉን እጠራጠራለሁ። ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ከሰፈር ሱቅ ባዶ ካርቶን ሰብስቤ በጊታር ቅርጽ እየቆረጥኩ ጭኑ ላይ አስቀመጥኩለት። በሳሙናው ካርቶን ላይ ክርኑ አልወጣም። በብስኩቱ ካርቶን ላይ ግን ወጣ፤ ጣቶቹም ክር ሊኖር በሚገባው ቦታ ላይ ደረሱ። ካርቶኑን በጣቶቹ ሲመታው፣ በአፉ ደግሞ ዜማውን ሲያንጎራጉር አየሁትና ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ከዚያ ወጥቼ የካርቶኑን ቁመትና ውፍረት በሲባጎ ለካሁ፣ ሁለት ቋጠሮ አሰርኩ። የሚያስፈልገን ትንሽ ጊታር ነው። በቃ፣ ይኸው ነው።

ችግሩ አባቴ ድኗል።

መጋቢት ላይ ጋሽ ዕንባቆም ወደ መድረክ ጠሩት። ተጸለየለትና "ባፈና፣ እጅህን አንሣ!" ተባለ። አባቴ ይሉኝታው ከስትሮኩ የጠና ሰው ነው። ቀኙን በግራ እጁ ከሥር ደግፎ አነሣው። ጋቢ ለብሶ ስለነበር ድጋፉን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። ጉባኤው እልል አለ። እኔም እልል አልኩ፤ ምን ላድርግ፣ ግራና ቀኝ የተቀመጡት ሁሉ እኔን ነበር የሚያዩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የአባቴ ክንድ አልዳነም ማለት እግዚአብሔርን ውሸታም ማድረግ ሆነ። ጠያቂ ሲመጣ "ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን" እንላለን። ፊዚዮቴራፒ እንኳ የምንሄደው "ዘመድ ልንጠይቅ ነው" እያልን ነው። ሰፈሩ በሳምንት ሁለቴ የሚጠየቅ ዘመድ ያለን ደጎች አድርጎ ያመሰግነናል።

እንግዲህ ማኅበርተኞቹ ለዳነ ጓደኛቸው የምስጋና ስጦታ ጊታር ሊገዙ ተስማሙ፤ እኔም በሲባጎዬ ተከተልኳቸው።

የናስረዲን ሱቅ መናኸሪያው አጠገብ ነው። ድምፅ ማጉያ፣ የሶላር መብራትና የስልክ ሽፋን ይሸጣል፤ ጊታሮቹ ከጣሪያው ላይ ተንጠልጥለዋል። ጋሽ ዕንባቆም ከሁሉም ትልቁን አስወረዱ። ባንኮኒው ላይ አስተኙትና ዙሪያውን ዞሩት። ደረቱን በመዳፋቸው ቸብ ቸብ አደረጉት።

"ደረቱን እየው!" አሉ። "እዚህ ውስጥ ስንት ድምፅ ይገባል!"

ጋሽ ኃይለሚካኤል አንገቱን ጨበጥ አድርገው "አጥንቱም ሰፊ ነው" አሉ። "ሥራ የሚችል ነው።"

ቀጥሎ ጥርሱን ያያሉ ብዬ ጠበቅኩ። እኔ ግን በዚህ መሃል ከድምፅ ማጉያዎቹ ኋላ አንዲት ትንሽ ጊታር አይቼ ነበር። ወገቧ ቀጠን ያለ፣ ደረቷ ጠበብ ያለ፣ ቡናማ። ሲባጎዬን ዘረጋሁባት፤ ቋጠሮዎቹ ልክ ጠርዟ ላይ አረፉ። ናስረዲን ተቀበለኝ፣ ቃኛትና ጥቂት መታት። ጥርት ያለ ድምፅ ነው ያላት። 

"ይቺን ብንወስድስ?" አልኩ።

ጋሽ ዕንባቆም በአዘኔታ አዩኝ። "ይቺማ ጥጃ ናት፣ ልጄ። ባፈና ይቺን ይዞ ሕዝብ ፊት ይቁም? ሰው ምን ይለናል?"

"ድምፅዋ እኮ ጥሩ ነው፣ ጋሼ።"

"የአውራ ዶሮም ድምፅ ጥሩ ነው" አሉ ጋሽ ኃይለሚካኤል። "ለትልቅ ሰው ትንሽ ነገር መስጠት ስድብ ነው፣ የኔ ልጅ። በእኛም አገር ነውር ነው፣ በእናንተም ነውር ነው።"

ናስረዲን ሲባጎዬን ሲመለከት ቆየና ዝግ ባለ ድምፅ "እህቴ፣ የሚጫወቱት ሰውዬ ክንዳቸው እንዴት ነው?" አለኝ።

ይኸው፣ የሚያስፈልገኝ ጥያቄ ተጠየቀልኝ። እውነቱን ለመናገር ሦስት ቃል ይበቃኝ ነበር። ጋሽ ዕንባቆም ትከሻዬ ላይ እጃቸውን ጭነው መልሴን ይጠብቃሉ።

"ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን" አልኩ።

"አሜን! ተአምር ነው እኮ!" አሉ ጋሽ ዕንባቆም፤ የመጋቢቱንም ምስክርነት ከጸሎቱ እስከ እልልታው ለናስረዲን ተረኩለት። ናስረዲን በትዕግሥት ሰምቶ "አልሐምዱሊላህ" አለና ትልቁን መጠቅለል ጀመረ። የአራተኛ ክፍል አስተማሪ ነኝ። ልጆች ሲዋሹ ጥግ ላይ አቆማለሁ። ያን ቀን ራሴን የማቆምበት ጥግ ሱቁ ውስጥ አጣሁ።

ስጦታው ቤታችን ሲገባ አባቴ በደስታ አቀፈው፤ ማለት ሊያቅፈው ሞከረ። ጋሽ ዕንባቆም እዚያው ቆመው "በሰኔ የመጀመሪያው እሑድ የምስጋና ፕሮግራም አለ፣ ትጫወትልናለህ" አሉት። አባቴ "እሺ" አለ። ከስትሮኩ ወዲህ ሳይንተባተብ የሚላት ቃል እሷ ናት፤ እግዚአብሔር መርጦ ያተረፈለት ይቺን ቃል መሆኗ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ሦስት ቀን ታገለ። ክርኑን በግራው እያነሣ ጊታሩ ላይ ያወጣዋል፤ ለመምታት ግራውን ወደ ጊታሩ አንገት ሲመልስ ቀኙ ተንሸራቶ ይወርዳል። በሦስተኛው ቀን ጊታሩን ጥግ አስደግፎ ወንበሩን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተቀመጠ። ምሳ አቀረብኩለት፤ አልዞረም። እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። ስትሮኩ ያልወሰደውን ስጦታው ሊወስደው ነው።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ወጥቼ ብቻዬን ናስረዲን ጋ ሄድኩ።

"ክንዱ ከዚህ በላይ አይወጣም" ብዬ በራሴ ክንድ አሳየሁት። ለወራት ለማንም ያልተናገርኩትን ነገር ለባለ ሱቅ ተናገርኩ። ቀላል ነበር። እሱ ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ እልል አላለም፣ ስለዚህ የሚያፍርበት ነገር የለውም።

"የዚያን ዕለት ገብቶኛል" አለ። "ግን ሽማግሌው ተአምር ነው እያሉ እኔ ምን ልበል?"

ትንሿን አወረደና የብረት ክሯን ፈትቶ ለጣት በማይከብድ ለስላሳ ክር ቀየረልኝ። ደመወዜን ከፍዬ ይዣት ወጣሁ። ቤት ስገባ አንድ ቃል ሳልናገር የአባቴ ጭን ላይ አስቀመጥኳት። ክርኑ ወጣ። ማንም ሳይደግፈው ወጣና አረፈ። በጊምቢቹ ዘመኑ የሚጫወተውን መዝሙር ጀመረ፤ ሁለት ቦታ ሳተ፣ ተመልሶ ያዘው።

"ይ...ቺ" አለኝ።

"አዎ አባዬ፣ ይቺ ናት።"

ሁለታችንም አለቀስን። ቀጥሎ "እሑድ እሷን ይዘን እንሄዳለን" ስለው እንባውን ጠረገና ራሱን ነቀነቀ።

"አይሆንም። ሰው... ለምን ይላል። ዕንባቆም... ያፍራል።"

"ታዲያ ትልቁን ይዘህ ምን ልታደርግ ነው?"

"ክሩ... ተበጠሰ እላለሁ።"

"ስድስቱም በአንድ ቀን?"

ትከሻውን ሊነቀንቅ ሞከረ። ግራው ብቻ ተነቀነቀ። ተናደድኩበት። በእሱ፣ በጋሽ ዕንባቆም፣ ከሁሉም በላይ ግን በራሴ እልልታ ተናደድኩ።

እሑድ ደረሰ። አባቴ ጋቢውን ለብሶ ከትልቁ ጊታር ጋር ፊት ተቀመጠ። እኔ ትንሿን በመያዣዋ ውስጥ አድርጌ ኋላ ተቀመጥኩ፤ ለጠየቀኝ ሁሉ "የሕፃናት ትምህርት ክፍል ነች" አልኩ። አንዴ ውሸት ከለመዱ ምን ይከብዳል! ስሙ ተጠራ። መድረኩ ላይ ወንበር ተሰጠው፣ ማይክራፎን ተጠጋለት። ትልቁን ጊታር ጭኑ ላይ አደረገ። በጋቢው ሥር ግራ እጁ ቀኙን ሲገፋ ይታየኛል። ክርኑ ወጣ፣ ተንሸራተተ። እንደገና ወጣ፣ ተንሸራተተ። በሦስተኛው ጊታሩ ራሱ ተንሸራቶ ማይክራፎኑን መታና አዳራሹ ጓ አለ። ሕዝቡ ጸጥ ሲል ጋሽ ዕንባቆም በሌላው ማይክራፎን "እልል በሉለት እንጂ!" አሉ። አንድም ድምፅ ላልመታ ሰው እልልታው ቀለጠ።

አባቴ እልልታው እስኪያልቅ ጠበቀ። ከዚያ ትልቁን ጊታር በጥንቃቄ ወለሉ ላይ አስተኛው። ዓይኑ ከሕዝቡ መሃል እኔን ፈለገ።

"ጵርስቅላ" አለ።

ከጥር ወዲህ ስሜን ሙሉውን ጠርቶት አያውቅም፤ ለታመመ አንደበት የሚሆን ስም አላወጣልኝም። "አምጪያት" አለኝ። ለካ መያዣውን ይዤ ስገባ እሱም አይቶኝ ነበር። እንዴት መድረኩ ላይ እንደደረስኩ አላውቅም። ትንሿን ሰጠሁት። እሱ ግን ወዲያው አልጀመረም። ጋቢውን ከትከሻው ላይ ጣለ፤ ግራ እጁን ሁሉም እንዲያየው ጉልበቱ ላይ አስቀመጠና ቀኙን ብቻውን አነሣው። ክንዱ እየተንቀጠቀጠ ከጎድኑ ግርጌ ደረሰና ቆመ።

"እስከዚህ ነው... የዳንኩት" አለ። "ለዚህም... አመሰግናለሁ።"

እልል ያለ የለም።  አባቴ ክርኑን በትንሿ ጊታር ላይ አሳረፈና የጊምቢቹን መዝሙር ጀመረ፤ ፊት የተቀመጡት እናቶች በሀዲይኛ ተቀበሉት። ሁለት ቦታ ሳተ። በሳተባቸው ቦታዎች እናቶቹ ቆመው ጠበቁት።

ፕሮግራሙ ሲያልቅ ሰው ሁሉ ከበበው። ጋሽ ዕንባቆም ግን አልቀረቡም። በር ላይ፣ ደረጃው ጫፍ ቆመው ሕዝቡ እስኪወጣ ሲጠብቁ አየኋቸው። ወደ እኔ እጃቸውን ሲያወዛውዙ የምመልሰውን አዘጋጅቼ ሄድኩ። ለወራት ያጠራቀምኩት ነበር፤ ስለ ጥጃ፣ ስለ ደረት፣ ስለ ተአምር፣ በልክ በልኩ የተሳለ።

ግራና ቀኝ ተመለከቱና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ልጄ፣ የዛሬ ሁለት ዓመት ጉልበቴ ድኗል ብዬ መስክሬ ነበር። ታስታውሻለሽ?"

"አስታውሳለሁ፣ ጋሼ።"

"ከዚያ ወዲህ ሰው ፊት ከዘራ ይዤ አላውቅም።" ደረጃውን አዩት፤ አምስት ደረጃ ነው። ሕዝቡ ቀድሟቸው እስኪወጣ በየሳምንቱ ለምን እንደሚጠብቁ ያን ጊዜ ገባኝ። እኛ ከትሕትና ነው እንል ነበር። "ያ ጊታር የሸጠልን ልጅ... ሱቁ ከዘራ ይኖረው ይሆን?"



"ነገ ከትምህርት ቤት እንደወጣሁ አብረን ሄደን እናያለን" አልኳቸው።

ክንዴን ያዙ። አንድ ደረጃ ወረድን፤ ሙሉ ክብደታቸውን ጣሉብኝ።