ምርጊቱ ሲነሳ

ማህሌት ሳምንቱን ሙሉ የክፍሉን ጆሮ አደንቁራዋለች። "መካነ ኢየሱስ ከተማ ላይ መጀመሪያ ፎቅ የሠራው ነጋዴ ማነው? አቶ ጥሩነህ! የማን ቅድመ አያት? የእኔ!" ስትል ስትል፣ የታሪክ መምህሯ ጋሽ አንተነህ "በቃ፣ አርብ ሄደን እናየዋለን፤ አስጎብኚያችን አንቺ ነሽ" አሏት። ደስታ ሊገላት!

አርብ ተማሪዎቹ ሊደርሱ ትንሽ ሲቀራቸው፣ በፎቁ ምድር ቤት ያለውን ትልቁን ምሰሶ ለቲክቶክ ልትቀርጸው አማራት። ምሰሶው ግን ከላይ እስከ ታች በጭቃ ተመርጓል። "ኤጭ፣ እንጨቱ መታየት አለበት!" ብላ በማንኪያ ፈቀፈቀችው። ምርጊቱ ዷ ብሎ ወደቀ። ከሥሩ ቀይ የጽድ እንጨት፣ እንጨቱ ላይ ደግሞ... መስቀል! ተቆፍሮ የተቀረጸ መስቀል!

"ወይኔ! በስማም!"

ይህን መስቀል የማያውቅ የከተማው ልጅ የለም። ጉብታው ላይ ባለው ደብር ዙሪያ ያሉት ጽዶች ሁሉ አላቸው። ማንም እንዳይነካቸው ቄሶቹ ናቸው የሚቀርጹባቸው። የቆረጠ ይገዘታል፤ ከዚያ በኋላ እሳት እንኳ የሚሰጠው ጎረቤት የለም።

አያቷ አቶ አበጀ መደቡ ላይ እንደተቀመጡ አዩት። ፊታቸው አመድ መሰለ።

"ማን ፈቅፍቂ አለሽ?"

"አባባ፣ ይሄ የደብሩ ዛፍ ነው እንዴ?"

አያቷ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

"አባባ! ይንገሩኝ እንጂ!"

"ሁሉም ምሰሶ የደብሩ ነው። ሰው ገበያ ሲወጣ ጠብቆ አባቴ አስቆረጠው። በዓይኔ አይቻለሁ።"

"እና ማን ተገዘተ?"

"የደኑ ጠባቂ፣ ጥላዬ። 'ዛፉን ሸጦታል' ብሎ የመሰከረበት አባቴ ነው።"

ጥላዬ! የስንዱ ቅድመ አያት! አጠገቧ የምትቀመጠው፣ የራሷ ጓደኛ ስንዱ! የጥላዬ ልጅ እማማ ዘርፌ፣ የስንዱ አያት፣ የአባታቸው ግዝት ተርፏቸው እስከ ዛሬ ከደብሩ ቅጥር ውጭ ቆመው ነው የሚያስቀድሱት። ስንዱን ደግሞ ክፍሉ በሙሉ "መጥረቢያ" ነው የሚላት። ስሙን ማን አወጣው? ማህሌት። ሰባተኛ ክፍል እያሉ፣ ለሳቅ።

አቶ አበጀ ጋቢያቸውን አውልቀው ምሰሶው ላይ ጠምጥመው መስቀሉን ሸፈኑት። "ልጄ፣ የቤቱ ስም አለ። አፈር ስሆን፣ ከዚህ እንዳይወጣ።"

ወዲያው ተማሪዎቹ እየተንጫጩ ገቡ።

"መጥረቢያ፣ ከምሰሶው ራቂ! ቤቱን ትጥይብናለሽ!" አለ ምናለ፣ የክፍሉ ቀልደኛ። ሁሉም ሳቀ። ስንዱም ሳቀች። ሁሌም አብራ ትስቃለች!

"በይ ማህሌት፣ ጀምሪ" አሉ ጋሽ አንተነህ።

"ይህን ቤት የሠሩት..." አያቷን አየቻቸው፤ ራሳቸውን ግራና ቀኝ ነቀነቁ። ስንዱን አየቻት፤ ደብተሯን ከፍታ፣ ልትጽፍ እስክሪብቶዋን ይዛ ትጠብቃለች።

ማህሌት ጋቢውን ጎተተችው።

"የደብሩ ዛፍ ነው! ያስቆረጠው የእኛ ሰው ነው! ጥላዬ አልሸጠም፣ በሐሰት ነው የተመሰከረበት፣ አባባ አይተዋል!" አለች በአንድ ትንፋሽ።

ሁሉም ወደ አቶ አበጀ ዞረ። ሽማግሌው መሬት የወደቀውን ጋቢ ትክ ብለው አዩት።

"እውነቷን ነው" አሉ በመጨረሻ።

ስንዱ አላለቀሰችም። ጣቷን መስቀሉ ውስጥ ከታ ዙሪያውን ዳሰሰችው። ከዚያ እጇን ዘረጋች።

"ስልክሽን ስጪኝ።"

ደወለች።

"እማማ ዘርፌ? ስንዱ ነኝ። ኧረ ደህና ነኝ፣ ምንም አልሆንኩም። ቆመዋል እንዴ? መጀመሪያ ቁጭ ይበሉ።"