ሁሉም የሚያነበው ገጽ

"እማ፣ ይከፈት ወይስ ይዘጋ?"

ሐዲጃ የልጇን የሪሃናን ጥያቄ ትታ በእጇ የያዘችውን ወረቀት እንደገና ከላይ ጀመረች። ፊደል መቁጠር የጀመረችው አምና፣ በቀበሌው የጎልማሶች ትምህርት ነው፤ ጣቷን ከቃሉ ሥር ሳታስኬድ ማንበብ አትችልም። ሪሃና የመመረቂያ ጥናቷን በእንግሊዝኛ ጽፋ፣ ለእናቷ አንድ ገጽ በአማርኛ አሳጥራላታለች።

"የአንድ... ነጋዴ... ቤተሰብ፣" አነበበች ሐዲጃ፣ "ልጃቸው በካላዛር፣ በአሸዋ ዝንብ በሚተላለፈው በሽታ፣ ታሞ ከሰሊጥ እርሻ ሲመለስ ጓዳ ደበቁት። ለጎረቤት ግን ገና ሳንጃ እርሻ ላይ ነው አሉ።" ጣቷ ቆመ። "ይኸ እኮ የእኛ ቤት ነው።"

"ስም የለበትም።"

"ለጎንደር ሰው ስም ምን ያደርግለታል? የነጋዴ ልጅ፣ ሰሊጥ፣ ሳንጃ ካልሽ ገበያ የወጣ ሁሉ ኡዘይር ነው ይላል።"

ኡዘይር የሪሃና ታላቅ ነው፤ ከዳነ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ያን ክረምት ሆዱ አብጦ፣ እጅ እግሩ እንደ ጭራሮ ቀጥኖ ሲመጣ፣ መክሳቱን ያየ ሰው ሌላ በሽታ እንዳይለው ፈርታ ጓዳ ያስተኛችው ሐዲጃ ናት። አሁን ከፈትሂያ ጋር ኒካው ታስሯል፣ በሃይማኖቱ ባልና ሚስት ናቸው፤ የቀረው ሠርጉ ነው። የፈትሂያ አባት አብዱልጀሊል ዛሬ ከዐስር ሰላት በኋላ የሠርጉን ቀን ሊቆርጥ ይመጣል። ስለ በሽታው የነገረው የለም። ሪሃናም ለተማረችበት ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት መልሷን ዛሬ ማሳወቅ አለባት፤ ጥናቱ በኢንተርኔት ማከማቻው ውስጥ ወይ ለሁሉም ይከፈታል፣ ወይ ተቆልፎ ይቀመጣል።

"ብትዘጊው ምን ይቀርብሻል? ዲግሪሽን አይነሱሽም።"

"አይነሱኝም። ግን ኡዘይርን ከጓዳ ያወጣነው ምን አንብበን ነው?"

"በፖርቱጋልኛ የተጻፈ!" አለ ኡዘይር ከበሩ ላይ። "በስልክ እየተረጎመች ስታነብልን፣ እኔስ ከበሽታው ይልቅ በእሷ ንባብ ልሞት ነበር።"

"አፍህን ያዝ!" አለች እናቱ፤ ሳቋ ግን አመለጣት።

ሐዲጃ አልረሳችም። ሪሃና ስለ በሽታው ስትፈልግ አብዛኛው ጽሑፍ በዶላር ክፈሉ ይል ነበር። የብራዚል ዩኒቨርሲቲዎች ማከማቻ ግን ምንም አልጠየቃትም። ከዚያ ነው ልጇን ስለደበቀች አንዲት የብራዚል እናት ያነበበችላቸው፤ ያን ሰምተው ነው ኡዘይርን ሐኪም ቤት የወሰዱት።

"አርጀንቲና አለ፣ ኮሎምቢያ አለ፣ ፖርቱጋል አለ" አለች ሪሃና። "በስፓኒሽና በፖርቱጋልኛ የሚጽፉት አገሮች አንዱ ሲከፍት ሌላው እየተከተለ በየዓመቱ ይበዛሉ። በእኛ ኮሌጅ ማከማቻ ውስጥ ግን በሽተኛ ስለሚደብቅ ቤተሰብ አንድም ጽሑፍ የለም። እኔ የሰው ቤት ታሪክ በነፃ አንብቤ የራሴን ልቆልፍ?"

ሐዲጃ ወረቀቱን አጣጥፋ ጭኗ ላይ አኖረች።

"ያች የብራዚሏ ሴት፣" አለች፣ "አክስቱ ጋ ሄዷል እያለች ልጇን የደበቀችው... ልጇ ተረፈ?"

ሪሃና ወደ ኡዘይር አየች። "አልተረፈም፣ እማ። ያኔ ደብቄሽ ነው።"

"ያችም እናት ታሪኬን ዝጉት ማለት ትችል ነበር" አለች ሐዲጃ በዝግታ። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች። "ክፈቺው። ነገር ግን አያ አብዱልጀሊል ከኢንተርኔት አይስማው። ከእኔ ይስማ።"

"ዛሬ? ቀን ሊቆርጥ ሲመጣ?"

"ቀን ከቆረጠ በኋላማ ማታለል ነው።"

አብዱልጀሊል ፈትሂያን አስከትሎ መጣ። ሐዲጃ ገና እንደተቀመጠ ሁሉንም ነገረችው። ኡዘይር አንገቱን ደፋ። ሽማግሌው እስክትጨርስ አላቋረጣትም።

"ኒካ ስናስር ምነው አልነገርሽኝ?"

"ፈርቼ፣ አያ አብዱልጀሊል።"

"በሽታ ከአላህ ነው፣ በዚህ ልጅሽን አልጠላም። ግን ያን ክረምት ሱቄ ድረስ መጥተሽ ሳንጃ ነው ስትይኝ 'አላህ በሰላም ይመልሰው' አላልኩሽም? አሚን አላልሽኝም?"

"ብያለሁ።"

"ጓዳሽ ተኝቶ?"

"ጓዳዬ ተኝቶ።"

አብዱልጀሊል ተነስቶ ጫማውን አጠለቀ። "ፈትሂያ፣ እንሂድ።"

ፈትሂያ ዓይኗን ከምንጣፉ አላነሳችም። "አባባ፣ ኒካ ያሰርክልኝ ሰው እዚህ ነው።"

አብዱልጀሊል ደጅ ላይ ትንሽ ቆሞ ጠበቃት። ከዚያ ብቻውን ሄደ። ፈትሂያ ቀረች።