የክላራ ሙት ዓመት

ከሙጃ ወጣ ብላ ባለች መንደር፣ ሕዝቡ ውሃ በሚቀዳበት ቦኖ ሲሚንቶ ላይ የአንዲት ፈረንጅ ልጅ ፎቶ በመስታወት ተከድኖ ተለጥፏል። ከሥሩ ስሟ፣ ክላራ፤ ከስሟ ሥር ደግሞ ቀን። የውሃውን ወጪ የቻሉት ወላጆቿ ናቸው ተብሏል፤ ለመንደሩ ሰው ከዚያ በላይ የነገረው የለም። ፎቶ ሲሚንቶ ላይ የሚለጠፈው ለማን እንደሆነ ደግሞ ለላስታ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ልጅቷ ሞታለች፤ ወላጆቿም ለነፍሷ ብለው ውሃ አወጡ። ማንም አልተጠራጠረም።

ከሁሉም ይበልጥ ያመነችው አስቻለች ናት። የእሷ ልጅ ፅናት ቦኖው ሳይሠራ በፊት የምንጩ ውሃ ባመጣው ተቅማጥ ሞታባታለች፤ ፎቶ እንኳ አልነበራትም። ስለዚህ አስቻለች ውሃ ልትቀዳ በሄደች ቁጥር የክላራን መስታወት በነጠላዋ ጫፍ ወልወል ታደርግና ልጄን አደራ፣ እንዳትለያት ትላታለች። ሁለቱ እዚያ ላይ አብረው እንደሚጫወቱ ካመነች ወዲህ እንቅልፍ ይወስዳት ጀምሯል። ከፎቶው ሥር የተጻፈው ቀን በዞረ ቁጥርም ዳቦ ትደፋለች። ክርስቲያኑ ሙት ዓመት ይለዋል፣ የቦኖው ጠባቂ አብዱልከሪም ሰደቃ ይለዋል፤ ዳቦው ግን አንድ ነው።

ዘንድሮ ሰው ቦኖው ዘንድ ተሰብስቦ፣ አብዱልከሪም ዱዓውን ሳይጨርስ መኪና መጣ። የላሊበላው አስጎብኚ ሰሎሞን ወረደ፣ ቀጥሎ አንድ ፈረንጅ፣ ከኋላው ክላራ። ቁመት ጨምራለች እንጂ ፊቷ ያው ነው። አንዷ ሴት ጀሪካኗን ጥላ አማተበች። አብዱልከሪም መዳፎቹን እንደዘረጋ ቀረ። አስቻለች እህቷ ትሆናለች ብላ ራሷን አረጋጋች።

ሰሎሞን ግን ራሷ ክላራ ናት አለ። ልደቷ ዛሬ ነው፤ ያኔ ስጦታ አልፈልግም፣ በገንዘቡ ውሃ ለሌለው ሰው ውሃ አውጡለት ያለችው እሷ ናት። ፎቶውማ ምስጋና ነው።

ምን ዓይነት ጉድ ነው፣ በቁሙ ያለን ሰው ሲሚንቶ ላይ ለጥፎ ማመስገን! አለች አስቻለች በልቧ። ልጅ በሕይወት ተገኝታ ደስ አለመሰኘቷ ራሷን አሳፈራት። አባትየው ደግሞ ዳቦውንና ሕዝቡን አይቶ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ የልጄን ልደት እንዴት አስታወሳችሁ ብሎ አስጠየቀ። ሰሎሞን ዳቦው የሙት ዓመት መሆኑ ገባው።

"እትዬ አስቻለች፣ ምን ልበላቸው?" አለ በሹክሹክታ።

አስቻለች ልጅቷን አየቻት። ብርዱ ጉንጯን አቅልቶታል፤ ትስቃለች።

"ልደቷን አስበን ነው በላቸው። ለልጅ ሟርት አይነገርም።"

ዳቦውን ክላራ ቆረሰችው። ለሙት ዓመት የመጣው ሰው ሁሉ አጨበጨበ፤ ምን እንደሚያጨበጭብ ግን እርግጠኛ አልነበረም። ከዚያ ልጅቷ አስቻለችን አቀፈቻት። ትሞቃለች፣ ልቧ ይመታል። አስቻለች ስቅስቅ ብላ አለቀሰች፤ እንግዶቹ የደስታ መሰላቸው። ግማሹስ እውነትም ደስታ ነበር።

መኪናው ሲሄድ አብዱልከሪም ሊያጽናናት ቀረበ። ላልሞተ ሰው መጸለያቸው ያስጨነቃት መስሎት፣ ለሕያው ዱዓ ማድረግ ወንጀል የለውም አላት። አስቻለች አንገቷን ነቀነቀች።

"እሱ አይደለም ጋሽ አብዱልከሪም። እሷ እዚህ ምድር ላይ ከኖረች፣ ይህን ሁሉ ጊዜ ከፅናቴ ጋር ማን ነበር?"