ቁራው ያልነካው ሩዝ

ሩዙ ቅጠል ላይ እንደተቀመጠ ነው። ቁራዎቹ ወንዙ ዳር ካለው ዋርካ ላይ ተኮልኩለው ቁልቁል ያዩታል እንጂ ንቅንቅ አይሉም። የተላከ ቁራ አይመለስም ሲባል ሰምተናል፤ እነዚህ ግን ጭራሽ አንላክም ያሉ ናቸው።

በህንዷ ከተማ ፑኔ፣ ሰው በሞተ በአሥረኛው ቀን ለሟች የቀረበውን ሩዝ ቁራ ካልነካ፣ ሟች ያልተፈጸመ ምኞት አላት ማለት ነው። ምኞቷን አውቆ ቃል የሚገባላት እስኪገኝ ዘመድ ሁሉ ይሞክራል። አክስትየዋ ልጅሽን ኬታኪን ወግ ማዕረግ እናሳያታለን አለች። ጎረቤት ድመትሽን እኔ አበላለሁ አለ። ቁራዎቹ ላባቸውን ያበጥራሉ።

ኬታኪ የእናቷን ምኞት ታውቀዋለች። ጭንቋም እሱ ነው።

እናቷ ፕሮፌሰር ማላቲ ማንም በዓይኑ አይቷቸው የማያውቃቸውን ቅንጣቶች ጠባይ በወረቀትና በብዕር የምታሰላ ሴት ነበረች። ሥራ የጀመረች ሰሞን ስብሰባ ላይ ሻይ ቅጂልን አሏት። ቀዳችላቸው። ከዚያ ጠመኔ አንስታ ወደ ሰሌዳው ሄደች፤ የዕለቱ ተናጋሪ እሷ ነበረች። ስሟን ያስጠራው ትልቁ ስሌት ከወጣ በኋላ ሻይ ያዘዛት የለም። ከኋላዋ የመጡት ሴቶች ልጆችም የገቡት እሷ በከፈተችው በር ነው።

ሆስፒታል ተኝታ ሳለች ግን የኬታኪን እጅ ያዘች። "የትልቁ ስሌቴ ሁለተኛው መስመር ላይ መቀነስ ነው፤ እኔ መደመር ብያለሁ። ይኸን ሁሉ ዓመት ተሳስቻለሁ። ንገሪያቸው።"

በሐዘኑ ቀናት ጠያቂ ሲገባና ሲወጣ ኬታኪ ጓዳ ተቀምጣ ስሌቱን ደገመችው። እሷም የእናቷን ሙያ የተማረች ናት። እውነትም መቀነስ ነው።

ለአጎቷ ለዲንካር ነገረችው። ዲንካር የማላቲ ታናሽ ነው፤ አባታቸው ለሴት ልጅ ትምህርት ይብቃት ሲሉ፣ እሷ ከቀረች እኔም አልማርም ብሎ ያስተማራት እሱ ነው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ወንድ ሲሳሳት እሱ ተሳሳተ ይባላል፤ ሴት ስትሳሳት ሴቶች ተሳሳቱ ነው። አመዷ ሳይቀዘቅዝ አሳልፈሽ አትስጫት" አላት። እውነቱን ነበር።

አሁን ወንዙ ዳር፣ የማላቲ የትምህርት ክፍል ኃላፊ ጫማውን አውልቆ ከተማሪዎቿ ጋር ከኋላ ቆሟል። ፀሐይዋ ከረረች። ሥርዓቱን የሚመሩት ካህን፣ ቁራ እምቢ ሲል ከሳር የተሠራ ቁራ ቢነካውም ይፈቀዳል ብለው ሳር መጎንጎን ጀመሩ። ሰው ሁሉ ተነፈሰ፤ ከሁሉ በላይ ዲንካር።

ኬታኪ ብድግ አለች። አጎቷ የነጠላዋን ጫፍ ያዘ። "ልጄ፣ ተይ።"

ፊቷን ወደ ሩዙ አዙራ፣ ኃላፊው እንዲሰማት አድርጋ ተናገረች። "እማዬ፣ ሁለተኛው መስመር ላይ መቀነስ ነው። ደግሜ ሠርቼዋለሁ። ተሳስቼ ነበር የሚል እርማት በስምሽ ይወጣል።"

ኃላፊው ቀና አለ። አንዷ ተማሪ አፏን በእጇ ያዘች። ቃሉ አንዴ ወጥቷል። ከዋርካው ላይ ግን አንድም ቁራ አልወረደም። ከኋላ አንዱ፣ ያ ሁሉ ስም በስህተት ነበር እንዴ ብሎ አንሾካሾከ።

ካህኑ የሳሩን ቁራ ጨርሰው ለዲንካር ዘረጉለት፤ ማስነካቱ የወንድም ድርሻ ነው። ዲንካር ተቀበላቸው። የእህቱን ልጅ ፊት አየ፣ ሩዙን አየ፣ እንባው መጣ።

"እትዬ የሳር ቁራ አትቀበልም" አለ።

የሳሩን ቁራ መቀነቱ ውስጥ ሸጎጠና ቁራዎቹን ሊጠብቅ በፀሐይ የጋለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ለኬታኪ ቦታ ለቀቀላት።