መፍቻው የተቀመጠበት ቦታ

ካርታ ሣይዋ የአዘጋጁን በር ሳታንኳኳ በርግዳ ገባች። ደሟ ፈልቷል። ታላቅ እህቷ ማለዳ ከተራራው ደውላ፣ «መንገድ ሠሪዎቹ ካርታ አይተው፣ እዚያ ላይ ሰው የለም ብለው መንገዱን በማዶ ሊያዞሩት ነው፤ እስከ መቼ ወላድ በቃሬዛ እናውርድ?» ብላታለች። አምና ቃሬዛው ላይ እንዳለች የቀረችው የዚችው እህቷ ምራት ነበረች።

«ይኼን ማን ነው የጻፈው?» አለች፣ ረቂቁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግፋ። የተራራማውን ግዛት መልክዓ ምድር፣ የአየር ንብረትና ታሪክ ባጭሩ የሚያስቃኝ መጽሐፍ ነው፤ ነገ ማተሚያ ቤት ይገባል። መሥሪያ ቤቱ ሁሉ የሚያምነው እሱን ነው። «በዓመት ሰባት ወር በረዶ የሚጥልበት የሰሜኑ ጫፍ ሰው አይኖርበትም ይላል። እኔ ታዲያ ከሰማይ ዱብ አልኩ? መንደራችን እኮ ከዋና ከተማው በፊት የተቆረቆረ ነው።»

አዘጋጁ መነጽራቸውን አወለቁ። በሥራው ያረጁ ሰው ናቸው፣ ቁጣ አይተው ያውቃሉ።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት። ካርታውን እያየሁ።»

«የቱን ካርታ?»

«ያንቺን ነዋ።»

መሳቢያቸውን ስበው የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመቱን እትም አወጡ። ሰሜኑ ጫፍ ላይ የምልክቶች መፍቻው ሳጥን ጉብ ብሏል፤ መንገድ እንዲህ፣ ወንዝ እንዲህ፣ መንደር እንዲህ የሚለው። ሥራ እንደ ጀመረች የሣለችው ነው። መፍቻ ባዶ ቦታ ላይ ይቀመጣል ብለው አስተምረዋታል፤ ባዶ ቦታ ስትፈልግ ደግሞ የገዛ መንደሯን አገኘች። እኛን ማን ያየናል ብላ ነበር፣ እንደ ዋዛ። አሁን ራሷን በጥፊ ማጮል አማራት።

«ታዲያ ከሥሩ ምን አለ ብለው አንድ ቀን እንኳ አይጠይቁም?»

«አንቺስ ነግረሽኝ ታውቂያለሽ?»

ንዴቷ ግን አልበረደም፤ እንዲያውም አሁን ለእሳቸውም ለራሷም ይበቃል። ቁጭ አለችና ከመጽሐፉ ጋር በሚታተመው አዲስ ካርታ ላይ መንደሩን ከነምንጩ፣ ከነቁልቁለቱ ሣለችው። አዘጋጁም ያንን ዓረፍተ ነገር በገዛ እጃቸው ሰረዙት። ሳጥኑ ብቻ ቦታ አጣ። አነሣችና ይሄው ቢሮ ያለበት ዋና ከተማ ላይ ለጠፈችው።

«አበድሽ እንዴ ልጄ? ከተማው ጠፋ እኮ።»

«ይጥፋ» አለች ብዕሯን እየከደነች። «የዚህኛው መንገድ ተሠርቶ አልቋል።»