እስከ ቀጋው

ማክሰኞ ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ተነሣሁ። ፊቴን ታጠብኩ፤ ሻይ አፈላሁ። ሣሩ ጤዛ ስለነበረው የባሌን የደምሴን ቦት ጫማ አድርጌ ስኒዬን ይዤ በጓሮ በር ወጣሁ። ከበሩ እስከ ቀጋው ቁጥቋጦ ድረስ ሠላሳ አንድ የግራዋ ጉቶ አለ። ስኒዬን በመጨረሻው ጉቶ ላይ አስቀምጬ ቆምኩ። ከቀብሩ ወዲህ ጠዋቴ እንዲህ ነው።

ቤቱን የገዛነው በክረምቱ መውጫ ነው፤ ወደ ጋፋት በሚወስደው መንገድ ዳር። ባለቤቶቹ ትተውት ከሄዱ ስድስት ዓመት ሆኖት ስለነበር ግቢውን ግራዋ፣ ሳማና እንቧይ ውጦታል። ሁለታችንም መምህራን ነን። ደምሴ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ልብሱን ቀይሮ ገጀራውን ያነሣል። ወገቡን ስለሚያመው ጎንበስ አይልም፤ ግራዋውን ከጉልበቱ ትክክል ይቆርጠዋል። "ለገና አጥሩ ጋ እንደርሳለን" ይለኝ ነበር። በጥቅምት አንድ ሐሙስ ቀጋው ዘንድ ደረሰ። እሾሁ እጁን ቢወጋው "ይኼን ነገ በጓንት ነው" ብሎ ገባ። ዓርብ ጠዋት እያስተማረ ሳለ ወደቀ፤ በዚያው ቀረ።

ሻዬን ሳልጨርስ የውጭው በር ተንኳኳ። የእድራችን ዳኛ አያ ፈንታሁን ስምንት ሰው አስከትለው ቆመዋል። ዶማና መጥረቢያ ይዘዋል።

"እንዴት አደርሽ ልጄ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። እንዴት አደሩ?"

"ተዝካሩ ሳምንት ቀረው። ዳሱ የሚተከልበትን ልናሰናዳ ነው። አንቺ ምንም እንዳትነኪ።"

ጎረቤታችን አናጢው ሙላቴ ጓሮውን አየና ዶማውን ተደግፎ ሳቀ።

"ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንጂ፣ ይኼ ምንጣሮ ነው ችካል? ለካ የተማረ ሰው ጎንበስ አይልም!"

"አፍህን ሰብስብ አንተ!" አሉት አያ ፈንታሁን፤ እሳቸውም ግን ሳቃቸው አመለጣቸው።

ደምሴ ቢሰማው ከሁሉም በላይ ይስቅ ነበር።

"አያ ፈንታሁን፣" አልኳቸው፣ "እስከ ቀጋው ያለው እንዳለ ቢቀርስ? ከወዲያ በኩል ያለው ቦታ ይበቃል።"

"ካህናቱንስ የት እናስቀምጥ? ከእብናት ዘመዶቹ ይመጣሉ። ደግሞ ሽማግሌ በጉቶ ተደናቅፎ ቢወድቅ ለነፍሱ ጥሩ ነው?"

የሱ የእጅ ሥራ ነው፣ ልላቸው ነበር። መቃብሩን የቆፈሩት፣ ሬሳውን የተሸከሙት እነዚህ ሰዎች ናቸው። ዛሬም ሥራቸውን ትተው የመጡት ለሱ ብለው ነው። ከተናገርኩ ደግሞ ልቅሶ እንደሚከተለው አውቃለሁ።

"ውኃ ላምጣላችሁ" አልኩ።

ውኃ አመላለስኩ። ጉቶው ሲነቀል ሥሩ ይንጣጣል፤ አፈሩ እርጥብ ይሸታል። አሥራ ዘጠኝ ድረስ ቆጠርኩና ተውኩት። እኩለ ቀን ሲሆን ሙላቴ ቀጋው ዘንድ ደርሶ ነበር።

"ይኼማ ሥሩ ጣና ደርሷል!" እያለ ይታገላል። ከዚያ ቀና ብሎ ጠራኝ። "መምህርት፣ ስኒዎን እዚህ ረስተውታል።"

ተቀበልኩት። ሻዩ በርዶ አፈር ገብቶበታል። እሱ ወደ ዶማው ተመለሰ፤ እኔ ስኒውን እንደያዝኩ የመጨረሻው ጉቶ እስኪወጣ ድረስ እዚያው ቆምኩ።

የተነቀለውን ሁሉ ለተዝካሩ ወጥ ማገዶ እንዲሆን ከግድግዳው ሥር ከመሩት። ቀጋውን እሾሃም ስለሆነ አቃጠሉት። አያ ፈንታሁን እጃቸውን እየታጠቡ ዞር ዞር ብለው አዩ።

"ይኸው ግቢ መሰለ። ደምሴ ቢያየው ደስ ይለው ነበር።"

"ይለው ነበር" አልኩ። እውነት ነው።

በማግስቱ ጠዋት ሻዬን አፍልቼ፣ ቦት ጫማውን አድርጌ ወጣሁ። ከበሩ እስከ አጥሩ አንድ ዓይነት ቀይ አፈር ነው። ስኒዬን የማስቀምጥበት አጣሁ። ደምሴ እስከ የት ደርሶ እንደነበር የሚያሳይ ምልክት የለም።